የሞታውን ታላቅ እህት፦ የአና ሪከርድስ የጉዳይ ጥናት

በ1960 መጀመሪያ ላይ በአሜሪካ ከተሞች ካሉ ሙዚቃ ቤቶች ወደ አንዱ ገብቶ «መኒ» የተባለውን የወጣቱን ባሬት ስትሮንግን ዘፈን የገዛ ሰው፣ በሸክላው መካከል ከተለጠፈው ክብ ወረቀት ላይ «አና» የሚል ስም ያነብ ነበር። ዘፈኑን የቀረጸው ግን አና ሪከርድስ አልነበረም። የቀረጸው፣ የአና ሪከርድስ መሥራች የግዌን ጎርዲ ታናሽ ወንድም ቤሪ ጎርዲ በዲትሮይት ከተማ ያቋቋመው፣ ኋላ ሞታውን የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ድርጅት የሆነው፣ ታምላ የተባለ ትንሽ ድርጅት ነበር። ሸክላውን በመላ አገሪቱ ለሻጮች ያደረሰው ደግሞ ቺካጎ የሚገኘው ቼስ ሪከርድስ ነው። ዘፈኑ በቢልቦርድ መጽሔት የሪትም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ 2ኛ፣ በአጠቃላዩ የፖፕ ሠንጠረዥ ደግሞ 23ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ። በዚህች አንዲት ሸክላ ላይ የሦስት ድርጅቶች እጅ ነበረበት። ስሟ የተጻፈባት አና ሪከርድስ በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1961፣ ከገበያ ጠፋች።

ይህ ጥናት የሚመረምረው ይህን ጉዳይ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ የታወቀ ሸክላ የነበራት፣ ኋላ ዓለም ያወቃቸውን ዘፋኞችና ደራሲዎች ገና ሳይታወቁ የሰበሰበች አሳታሚ እንዴት ሦስት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላት ልትዘጋ ቻለች? የሞታውንን ታሪክ የሚተርኩ ጽሑፎች ለአና ሪከርድስ ብዙውን ጊዜ ከአንድ አንቀጽ ያለፈ ቦታ አይሰጧትም፤ የቤሪ ጎርዲ ታሪክ መግቢያ አድርገው አልፈዋት ይሄዳሉ። ይህ አያያዝ ትክክል አይመስለኝም። አና ከታምላ ቀድማ በ1958 የተቋቋመች ከመሆኗም በላይ፣ ሞታውን ኋላ መላ ያገኘላቸው ችግሮች አብዛኞቹ አስቀድመው የታዩት በእሷ ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ቤተሰቡ

የጎርዲ ቤተሰብ ከጆርጂያ ክፍለ ግዛት ተነሥቶ ወደ ዲትሮይት የመጣው በ1922 ነው። ያ ጊዜ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ከደቡቡ የዘር መድልዎና ድህነት ሸሽተው ወደ ሰሜን የኢንዱስትሪ ከተሞች የሚጎርፉበት ዘመን ነበር። ከእነሱ ብዙዎቹ በመኪና ፋብሪካዎች ሲቀጠሩ፣ የጎርዲ ቤተሰብ ግን የራሱን ሥራ መሥራትን መረጠ። አባትየው፣ እሳቸውም ቤሪ ጎርዲ ይባሉ ነበር፣ የልስን ሥራ ይሠሩ ነበር፤ በታዋቂው ጥቁር መምህር በቡከር ቲ ዋሽንግተን ስም የተሰየመ የምግብ ሸቀጥ መደብርና ማተሚያ ቤትም ነበራቸው። እናትየው በርታ ጎርዲ ደግሞ በኢንሹራንስ ሥራ ተሰማርተው ነበር። ስምንት ልጆች ያሳደጉት በዚህ ዓይነት ቤት ውስጥ ነው። ሒሳብ መያዝና ደንበኛን ማክበር ለእነዚህ ልጆች ከትምህርት ቤት በፊት የመጣ ትምህርት ነበር።

በቤተሰቡ ውስጥ «ቤር-ቤሪ ኮ-ኦፕ» የተባለ የጋራ ቁጠባ ነበር። እያንዳንዱ አባል በየወሩ 10 ዶላር ያዋጣል። ነገሩ የእኛን ዕቁብ ያስታውሳል፤ ይሁን እንጂ ዕጣ አይወጣበትም፤ ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ቤተሰቡ ፊት ቀርቦ ምን ሊሠራበት እንዳሰበ ማስረዳት፣ ከዚያም ስምምነት ማግኘት ነበረበት። በጥር 1959 ቤሪ ጎርዲ ታምላን ለመጀመር 800 ዶላር የተበደረው ከዚህ ሣጥን ነው። ይህ ብድር በሞታውን ታሪክ ውስጥ ሁልጊዜ የሚነገር ነው። ቤሪ በዚያ ጊዜ ብዙ ነገር ሞክሮ ያልተሳካለት ሰው ነበር፤ ቦክሰኛ ሆኖ ተጋጥሟል፣ የከፈተው የጃዝ ሸክላ መደብር በ1955 ከስሯል፣ ከዚያም በፎርድ ኩባንያ የመኪና መገጣጠሚያ ውስጥ ሠርቷል። በአንጻሩ እህቶቹ ግዌንና አና በሙዚቃው ዓለም ውስጥ ከእሱ ቀድመው ቦታ አግኝተው ነበር።

ያ ቦታ ፍሌም ሾው ባር ይባላል። በ1949 በዲትሮይት ጆን አር ጎዳና ላይ የተከፈተው ይህ የሌሊት ክበብ በአገሪቱ የታወቁ ጥቁር ዘፋኞች እየመጡ የሚዘፍኑበት መድረክ ነበር። ግዌንና አና በክበቡ ውስጥ ለእንግዶች ፎቶግራፍ የማንሣትና የመሸጥ ሥራ ይዘው ነበር። ካሜራ ይዘው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ የሚዘዋወሩት ሁለቱ እህቶች ከዘፋኙም፣ ከአስተዳዳሪውም፣ ከክበቡ ባለቤትም ጋር ትውውቅ ነበራቸው። ከእነዚህ አንዱ አል ግሪን (በዚህ ስም ከሚታወቀው ዘፋኝ ጋር የማይገናኝ ሰው ነው) የዘፋኙ የጃኪ ዊልሰን አስተዳዳሪ ነበር። ቤሪ ጎርዲ ለጃኪ ዊልሰን ዘፈን ለመጻፍ የቻለው እህቶቹ ባስተዋወቁት በኩል ነው። ሞታውንን የወለደው መንገድ ከእነዚህ ሁለት ሴቶች ካሜራ ይጀምራል ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የሁለት ሳንቲም ሒሳብ

ከቤሪ ጋር አብሮ ዘፈን ይደርስ የነበረው ሰው ሮኬል ዴቪስ ነው፤ ሁሉም ሰው ቢሊ ዴቪስ ይለዋል፤ በአንዳንድ ሸክላዎች ላይ ደግሞ «ታይራን ካርሎ» በሚል የብዕር ስም ይታወቃል። ዴቪስ ከዚያ በፊት ሙንግሎውስ ለተባለው የድምፃውያን ቡድን በቼስ በኩል የታተመ ዘፈን ደርሶ ስለነበር፣ ከቺካጎዎቹ ወንድማማቾች ከሌናርድና ከፊል ቼስ ጋር የቆየ ትውውቅ ነበረው። ይህ ትውውቅ ኋላ ለአና ሪከርድስ በጎም ክፉም ይዞ መጥቷል።

ዴቪስ፣ ቤሪና ግዌን ለጃኪ ዊልሰን ከጻፏቸው ዘፈኖች መካከል በ1958 የወጣው «ሎንሊ ቲርድሮፕስ» በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ። የአና ሪከርድስ መነሻ የሚገባን ከዚህ ስኬት ለደራሲዎቹ ምን እንደደረሳቸው ስናሰላ ነው። በ1909 የወጣው የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ፣ አሳታሚው ለሚያትመው ለእያንዳንዱ ዘፈን በእያንዳንዱ ሸክላ ላይ ለባለመብቱ 2 ሳንቲም እንዲከፍል ይደነግግ ነበር፤ ይህ ተመን እስከ 1978 ድረስ አልተለወጠም። በተለመደው አሠራር ከሁለቱ ሳንቲም አንዱን የሙዚቃ መብት ድርጅቱ ይወስዳል፤ ቀሪው አንድ ሳንቲም የደራሲዎቹ ነው። ሦስት ደራሲዎች ካሉ ለእያንዳንዳቸው የሚደርሰው የሳንቲም ሲሶ ነው ማለት ነው። በዚህ ስሌት አንድ ሚሊዮን ሸክላ ቢሸጥ እንኳ የአንዱ ደራሲ ድርሻ ከ3,400 ዶላር በታች ይሆናል፤ ያውም ሒሳቡ በትክክል ከተያዘና በጊዜው ከተከፈለ ነው። ቤሪ ራሱ በ1958 ሚራክልስ ለተባለው ቡድን ባዘጋጀው ዘፈን ምክንያት የተቀበለው ቼክ 3 ዶላር ከ19 ሳንቲም ብቻ እንደነበር በተደጋጋሚ ተናግሯል።

ሦስቱም ከዚህ አንድ ዓይነት መደምደሚያ ላይ ደረሱ። ዘፈን መድረስ ብቻውን እንጀራ አይሆንም፤ የሸክላው ባለቤት መሆን ያስፈልጋል። ከጃኪ ዊልሰን አስተዳደር ጋር በክፍያ ጉዳይ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሁለት መንገድ ተከተሉ። ግዌንና ዴቪስ፣ በዚያን ጊዜ የፍቅር ጓደኛሞችም ነበሩ፣ አዲስ አሳታሚ አቋቁመው በግዌን ታላቅ እህት ስም አና ሪከርድስ አሉት፤ አናም በሥራው ተሳተፈች። ቤሪን አብሯቸው እንዲገባ ጠይቀውት ነበር፤ እሱ ግን ውሳኔውን ለብቻው ማድረግ እንደሚፈልግ ነግሯቸው ታምላን ለብቻው አቋቋመ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ፣ በጥቂት ወራት ልዩነት ሁለት አሳታሚዎች ተፈጠሩ።

የቼስ ክንፍ

ሁለቱን የለያያቸው ዋናው ነገር የሙዚቃ ምርጫ አልነበረም። ሁለቱም ከአንድ ሰፈር ዘፋኞችን ይመርጡ ነበር፤ ተጫዋቾቹም እየተቀያየሩ ለሁለቱም ይሠሩ ነበር። ልዩነታቸው ሸክላው ከታተመ በኋላ ምን ይሆናል በሚለው ላይ ነበር። አና ሪከርድስ የአገር አቀፍ ሥርጭቱን ለቼስ ሰጠች። ይህ በጊዜው የብልህ ውሳኔ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለማስረዳት የዚያን ዘመን የሸክላ ንግድ አሠራር መግለጽ ይኖርብኛል።

አንድ ትንሽ አሳታሚ የራሱ ማተሚያ አልነበረውም። የተቀረጸውን ዘፈን ሸክላ ለሚያትም ፋብሪካ ይሰጣል፤ ፋብሪካው ሒሳቡን ቶሎ ይፈልጋል። የታተሙት በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ ሸክላዎች በየክልሉ ላሉ ነጻ አከፋፋዮች በዱቤ ይላካሉ። አከፋፋዩ ለሙዚቃ ቤቶችና ለጁክ ቦክስ (ሳንቲም ሲገባበት ሸክላ የሚያሰማ ማሽን) ባለቤቶች ይሸጣል፤ ያልተሸጠውን ይመልሳል፤ የሸጠውን ገንዘብ ደግሞ ከወራት በኋላ ይልካል፤ አንዳንዱም ጭራሹን አይልክም። አከፋፋዩ የብዙ አሳታሚዎችን ሸክላ ስለሚሸጥ፣ ቀድሞ የሚከፍለው ቀጣዩ ሸክላ እንዳይቀርበት ለሚፈራው ትልቅ አሳታሚ ነው። በዓመት አንድ ተወዳጅ ዘፈን ለሚያወጣ ድርጅት የሚፈራበት ምክንያት የለውም። ስለዚህ ለትንሽ አሳታሚ ከዘፈኑ አለመወደድ ይልቅ መወደዱ የባሰ አደጋ ሊሆን ይችላል። ትእዛዝ በብዛት ሲመጣ በብዛት ማሳተም ግድ ነው፤ የማተሚያው ዕዳ ዛሬ ይደርሳል፤ የሽያጩ ገንዘብ ግን ገና በአከፋፋዩ መሳቢያ ውስጥ ነው። በጥቁር አሜሪካውያን ባለቤትነት ከሞታውን በፊት ትልቁ የነበረው የቺካጎው ቪ-ጄይ ሪከርድስ፣ በ1963ና በ1964 የፎር ሲዝንስንና የቢትልስን ሸክላዎች በብዛት እየሸጠ ሳለ በገንዘብ እጥረት ታንቆ በ1966 ለኪሳራ በቅቷል።

በዚያ ላይ የሬዲዮው ጉዳይ አለ። አና ሸክላ ማውጣት በጀመረችበት በ1959፣ በዓመቱ መጨረሻ ላይ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት የሬዲዮ አዘጋጆች ዘፈን ለማሰማት የሚቀበሉትን ገንዘብ መመርመር ጀምሮ ነበር። ለአዘጋጅ የሚከፈል ገንዘብም ሆነ ከአዘጋጁ ጋር የዓመታት ወዳጅነት የሌለው አዲስ አሳታሚ ዘፈኑን በአየር ላይ ማስዋል ይከብደው ነበር። ቼስ ሁለቱንም ችግር የሚያቃልል መስሎ ታየ፤ ማተሚያ ያውቃል፣ አከፋፋዮች ያከብሩታል፣ አዘጋጆቹም ስሙን ያውቁታል። ዴቪስም ከወንድማማቾቹ ጋር ወዳጅነት ነበረው። ግዌን ያን ጊዜ የተሻለ ምርጫ ነበራት ብዬ አላምንም።

ዋጋው ግን ከባድ ነበር። ሥርጭቱን የያዘው ድርጅት መጀመሪያ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ወጪውን ይቀንሳል፣ ከዚያ የተረፈውን ያካፍላል። ዘፋኙን ያገኘው፣ ያለማመደውና ያስቀረጸው የዲትሮይቱ ቤት በሒሳቡ መጨረሻ ላይ ይቆማል። ከዚህም በላይ የአና ስም የያዙ አንዳንድ ሸክላዎች ከዲትሮይት የመጡ አልነበሩም። ከድርጅቱ የመጀመሪያ ዓመት ሸክላዎች መካከል በፖፕ ሠንጠረዥ ላይ 68ኛ ደረጃ የያዘው «ዘ ሃንች» የኒው ኦርሊንሱ የፒያኖ ተጫዋች የፖል ጌይተን ሥራ ነው፤ ጌይተን የቼስ ባልደረባ ነበር። ዲትሮይት የተወለደው ስም የቺካጎን ዕቃም መሸከም ጀምሮ ነበር።

«መኒ»ና ያስከተለው

በነሐሴ 1959 ቤሪ ጎርዲና ጄኒ ብራድፎርድ የደረሱትን «መኒ» በዌስት ግራንድ ቡለቫርድ ቁጥር 2648 ባለው ቤት፣ ገና አዲስ በተሠራው ስቱዲዮ፣ ባሬት ስትሮንግ ቀረጸ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበር። የዘፈኑ መነሻ በፒያኖ እየተደጋገመ የሚመጣ ከባድና አጭር ዜማ ነው፤ ስትሮንግ ራሱ ያን የፒያኖ ስልት እኔ ፈጠርኩት ይል ነበር። የደራሲነቱ ክርክር ለአሥርተ ዓመታት የቀጠለ ነው፤ ስሙ በመብት መዝገብ ላይ ተጽፎ ተሠርዟል፣ በ1987 ተመልሷል፣ በዓመቱ እንደገና ተሠርዟል። ስለ ገንዘብ የተዘፈነው ይህ ዘፈን ለዘፋኙ ያስገኘለት ገንዘብ ከዝናው ጋር የማይመጣጠን መሆኑ እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝ ነው።

ታምላ በዚያ ወቅት በዲትሮይት አካባቢ ካልሆነ በቀር የማከፋፈል አቅም አልነበራትም። ቤሪ ቀደም ሲል ያዘጋጃቸውን ሸክላዎች በኒው ዮርክ ላለው ዩናይትድ አርቲስትስና ለራሱ ለቼስ እያከራየ ነበር ገበያ የሚያወጣቸው። «መኒ» በአካባቢው መወደዱ ሲታይ ወደ እህቱ ሄደ፤ ሸክላው በአና ስም እንደገና ታተመ፤ በቼስ መስመርም በአገሪቱ ተሠራጨ። ከአና ከሁለት ደርዘን በላይ ነጠላ ሸክላዎች መካከል በሽያጭ አንደኛው ይህ ሆነ።

እዚህ ላይ ሁለቱ ድርጅቶች ከአንድ ልምድ የወሰዱት ትምህርት የተለያየ ነበር፤ የጉዳዩ ቁልፍ ያለውም በዚህ ይመስለኛል። አና በ«መኒ» የተረጋገጠላት የመረጠችው መንገድ እንደሚሠራ ነው፤ የቼስ መስመር አንድን ዘፈን እስከ 2ኛ ደረጃ ሊያደርስ እንደሚችል ታይቷል። ቤሪ ያየው ግን ዘፈኑን ደርሶ፣ ቀርጾና ከፍሎ ካሳተመ በኋላ ከፍሬው ፊት ሁለት ቤቶች እንደቆሙ ነው። በ1960፣ የሚራክልሱ ስሞኪ ሮቢንሰን እየወተወተው፣ የቡድኑን «ዌይ ኦቨር ዜር» በራሱ በታምላ በኩል በአገር አቀፍ ደረጃ ማሠራጨት ጀመረ። ያ ሸክላ ብዙ አልተሸጠም። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው የዚያው ቡድን «ሾፕ አራውንድ» ግን በሪትም ኤንድ ብሉዝ አንደኛ፣ በፖፕ ሁለተኛ ሆነ፤ በዚህ ጊዜ በመካከል የሚቆም ማንም አልነበረም።

ገንዘቡን ከአከፋፋዮች መሰብሰብ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ቤሪ ይህን ሥራ የሰጠው ለሌላ እህቱ ለሉሲ ጎርዲ ዌክፊልድ ነው። በ1965 እስካረፈችበት ጊዜ ድረስ በሞታውን ውስጥ የሒሳብ አሰባሰቡንና ጆቤት የተባለውን የሙዚቃ መብት ድርጅት የያዘችው እሷ ናት። ታላቅ እህታቸው ኤስተር ደግሞ የዘፋኞችን አስተዳደር ያዘች። ግዌንና ዴቪስ ጆሯቸው ከቤሪ ጆሮ የሚያንስ አልነበረም፤ ሁለቱም ደራሲዎች ነበሩ፣ የዘፋኝ ምርጫቸውም ወደፊት የሚታይ ነው። አና ሪከርድስ የጎደላት የሉሲ ቦታ ነበር፤ ማለትም በየጠዋቱ ስልክ አንሥቶ ለክሊቭላንዱና ለፊላደልፊያው አከፋፋይ እየደወለ ገንዘቡ የት ደረሰ የሚል የቤት ሰው። ያን ሥራ ለቼስ የሰጠ ድርጅት የራሱን ገንዘብ ከሌላ ሰው እጅ የሚጠብቅ ይሆናል።

የመጨረሻው ዓመት

የአና ሸክላዎች ከ«መኒ» በኋላም ወጥተዋል። ታይ ሃንተር ከቮይስ ማስተርስ ቡድን ጋር የዘፈነው «ኤቭሪቲንግ አባውት ዩ» በ1960 በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ 18ኛ ደረጃ ላይ ደርሷል። ጆ ቴክስ የተባለው የቴክሳስ ዘፋኝ በዚያው ጊዜ ለአና ዘፍኗል፤ ለአና ከቀረጻቸው ዘፈኖች አንዱን፣ «ቤቢ ዩ አር ራይት»ን፣ በ1961 ጄምስ ብራውን ወስዶት ከዋናው ይልቅ የብራውኑ ቅጂ ታወቀ። እንደዚሁ ቢሊ ዴቪስ፣ ግዌንና ቤሪ የደረሱት «ኦል አይ ኩድ ዱ ዋዝ ክራይ» በ1960 ኤታ ጄምስን በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሠንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ላይ አውጥቷታል፤ ሸክላው ግን የታተመው በአና ሳይሆን በቼስ እህት ድርጅት በአርጎ ነው። ከአና ቤት ሰዎች እጅ የወጣ ምርጥ ሥራ የቺካጎውን ድርጅት መደርደሪያ ሞላ።

አንድ ትንሽ የሚመስል አጋጣሚ አለ፤ የድርጅቱን አቅም ስለሚያሳይ አነሣዋለሁ። ላሞንት አንቶኒ በሚል ስም ይዘፍን የነበረ የከተማው ወጣት «ፖፓይ» የሚል ዘፈን ቀረጸ፤ ፖፓይ የታወቀው የካርቱን መርከበኛ ነው። የካርቱኑ ባለመብት ኪንግ ፊቸርስ ስለተቃወመ ሸክላው ከገበያ ተነሣ፤ ዘፈኑም ስሙ ወደ «ቤኒ ዘ ስኪኒ ማን» ተለውጦ እንደገና ተቀረጸ። ሕጋዊ ምክር በቅርብ የሌለው፣ አንድ ሸክላ ሁለት ጊዜ ለማሳተም የሚገደድ ቤት ኪሱ ምን ያህል እንደሚጎዳ መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በኋላ የመጣው የሰዎች መለያየት ነው። ሃርቪ ፉኳ የሙንግሎውስ መሪ ነበር፤ የቡድኑ ዝነኛ ዘፈን «ሲንሲርሊ» ላይ የሬዲዮ አዘጋጁ የአለን ፍሪድ ስም በደራሲነት ተጨምሮበት የኖረ ሰው ስለሆነ፣ የንግዱን ጨለማ ጎን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ቡድኑን ሲተው ቼስ በ1960 ከአና ጋር እንዲሠራ ወደ ዲትሮይት ላከው። ከእሱ ጋር ማርቪን ጌይ የሚባል የዋሽንግተን ልጅ አብሮ መጣ። የግዌንና የዴቪስ ግንኙነት አብቅቶ ስለነበር ግዌንና ሃርቪ ተቀራረቡ፤ በ1961ም ተጋቡ። ዴቪስ በዚያው ዓመት በቼስ ሥር ቼክ-ሜት የተባለ አሳታሚ በዲትሮይት ከፈተ። አና ሪከርድስ በሁለት ሰዎች ፍቅርና በአንድ ወዳጅነት ላይ የቆመች ነበረችና ሁለቱም ሲፈርሱ የሚያቆማት ውል አልነበረም። ቤተሰባዊ ድርጅት በፍቅር ሲጀመር የሚያገኘው ጉልበት ብዙ ነው፤ ያ ጉልበት ሲለይ የሚተወውም ክፍተት ያንኑ ያህል ነው።

ግዌንና ሃርቪ ወዲያውኑ ሁለት አዲስ ስሞች ይዘው ተነሡ፤ ትራይ-ፋይና ሃርቪ ሪከርድስ። በዚህኛው ሙከራ የሥርጭቱን ሥራ ራሳቸው ያዙ። የትራይ-ፋይ የመጀመሪያ ሸክላ፣ የስፒነርስ ቡድን «ዛትስ ዋት ገርልስ አር ሜድ ፎር»፣ በ1961 በሪትም ኤንድ ብሉዝ 5ኛ፣ በፖፕ 27ኛ ሆነ። ለአዲስ አሳታሚ ይህ ድንቅ ጅምር ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው የደረሰባቸው በቼስ በኩል የመጣ ችግር ነበር፤ በሁለተኛው ደግሞ ያለ ቼስ መኖር የሚያመጣውን አዩ። ለማተም ገንዘብ ያስፈልጋል፣ ለማሰባሰብ ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለተኛ ተወዳጅ ሸክላ በቶሎ ካልመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ሒሳብ አይመጣም። ጁኒየር ዎከር፣ ሾርቲ ሎንግና ስፒነርስ በዚህ ቤት ሥር ሳሉ፣ በ1963 ሁለቱም ስሞች ተዘግተው ዘፋኞቹ ወደ ሞታውን ተላለፉ። ጁኒየር ዎከር ለሃርቪ ሪከርድስ ቀርጾት የነበረው «ክሊዮስ ሙድ» በሞታውን በኩል እንደገና ወጥቶ በ1966 ሠንጠረዥ ውስጥ ገባ። ሸክላው ያው ነው፤ የተለወጠው ወደ ሱቅ የሚያደርሰው መስመር ነው።

ከአና ቤት የወጡት

አና ሪከርድስ በገንዘብ ሲመዘን ብዙ አይወራለትም። በሰው ሲመዘን ግን በዲትሮይት የሚወዳደራት ጥቂት ነው። «ፖፓይ»ን የዘፈነው ላሞንት አንቶኒ ትክክለኛ ስሙ ላሞንት ዶዚየር ነው፤ ከሆላንድ ወንድማማቾች ጋር ሆኖ ሱፕሪምስ የተባለውን የሴቶች ቡድን አሥር ጊዜ በፖፕ ሠንጠረዥ አንደኛ ያደረጉ ዘፈኖችን ደርሷል። በ1961 በአና አንድ ሸክላ ያወጣው ዴቪድ ራፊን በ1964 ቴምፕቴሽንስ የተባለውን ቡድን ተቀላቅሎ በዚያው ዓመት «ማይ ገርል»ን መርቶ ዘፈነ። ከቮይስ ማስተርስ ዋልተር ጌይንስና ሲ ፒ ስፔንሰር ኦሪጂናልስ በተባለው ቡድን ውስጥ ቆይተው በ1969 «ቤቢ አይም ፎር ሪል» በሪትም ኤንድ ብሉዝ አንደኛ ሆነላቸው፤ የዘፈኑ ደራሲዎች ማርቪን ጌይና፣ አሳታሚዋ የተሰየመችላት ሚስቱ አና ጎርዲ ጌይ ናቸው። ማርቪን ከሃርቪ ጋር መጥቶ ከበሮ ይመታ የነበረው ልጅ ነው፤ በሃርቪ እጅ የነበረውን ውሉን ቤሪ ድርሻ ገዝቶ ወሰደው።

ሃርቪ ፉኳ ራሱ ሞታውን ውስጥ ዘፋኞችን ለመድረክ የሚያዘጋጀውን ክፍል መርቷል። በዚያ ክፍል ስለ አቋቋም፣ ስለ አነጋገርና ስለ አለባበስ ያስተማሩት ማክሲን ፓውል ከጎርዲ እህቶች ጋር ይተዋወቁ ስለነበር ግዌን ናት ወደ ሞታውን ያቀረበቻቸው። ቢሊ ዴቪስ በቺካጎ የቼስን የቀረጻ ሥራ መርቶ በ1965 ፎንቴላ ባስ የዘፈነችውን «ሬስኪው ሚ» አዘጋጀ፤ ኋላም ወደ ማስታወቂያ ሥራ ገብቶ በ1971 ለኮካ ኮላ የተሠራው፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የማስታወቂያ ዘፈን ከደራሲዎቹ አንዱ ሆነ። ግዌን በ1999፣ ዴቪስ በ2004፣ ሃርቪ በ2010፣ አና በ2014 አርፈዋል።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚመልሰኝ የጆኒ ብሪስቶልና የጃኪ ቢቨርስ ነገር ነው። «ጆኒ ኤንድ ጃኪ» ተብለው በ1959ና በ1960 ለአና ሸክላዎች ቀረጹ፤ አልተሸጡም። አና ስትዘጋ ግዌንና ሃርቪን ተከትለው ወደ ትራይ-ፋይ ሄዱ፤ በ1961ም ከሃርቪ ጋር የደረሱትን «ሰምዴይ ዊል ቢ ቱጌዘር» የሚል ዘፈን ቀረጹ፤ እሱም ሳይሰማ ቀረ። ከስምንት ዓመት በኋላ ብሪስቶል በሞታውን የዘፈን አዘጋጅ ሆኖ ይህንኑ ዘፈን ለዳያና ሮስ አስቀረጸ። በቀረጻው ጊዜ እሷን ለማበርታት በሌላ ማይክሮፎን በዝግታ አብሮ ይናገርና ያዜም ነበር፤ ድምፁ ከእሷ ድምፅ ጋር ሲሰማ ስለተወደደ ሳይወጣ እንዲቆይ ተደረገ። በታኅሣሥ 1969 መጨረሻ ዘፈኑ በቢልቦርድ የፖፕ ሠንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ ዳያና ሮስ ከሱፕሪምስ ጋር ያገኘችው የመጨረሻው አንደኛ ደረጃ ነው። ሸክላውን ዛሬ የሚያዳምጥ ሰው ከዳያና ሮስ ድምፅ ኋላ የሚያበረታታ ወንድ ይሰማል፤ ያ ወንድ በአና ሪከርድስ የጀመረው ጆኒ ብሪስቶል ነው።